የጀልባው ጠርዝ እንጨት ይነሳ የምለው ለምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ እዚህ ባሕር ዳር በጀልባ ሰዎች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰንብቷል። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። የጣና ሞተር ጀልባዎችን የጠርዝ እንጨት፣ የእጅ መያዣና መረማመጃ እየነቀሉ በፕላስቲክ፣ በአሉሚኒየምና በስቴንለስ መተካት ስህተት ነው ይላል። ስድስት ምክንያትም ያቀርባል። የጣና ውኃ ጨው ስለሌለው እንጨት አይጎዳም። በዓመት አንዴ ቫርኒሽ ከተቀባ ይበቃዋል። እንጨት እዚሁ በርካሽ ይገኛል። ፕላስቲክ በፀሐይ ይግላል፣ ይጣመማልም። አናጺው ሥራ ይፈታል። በመጨረሻም እንጨት ባህላችን ነው፣ ፕላስቲክ ግን ሐይቁን ያቆሽሻል።

ጽሑፉን ደጋግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው እንጨት የሚወዱ ሰው ናቸው፤ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። እኔም እወዳለሁ። እጄን የፈታሁት በመጋዝና በመላጊያ ነው። ዛሬም እንጀራዬ ጀልባ መጠገን ነው። ዝም ማለት ያቃተኝም ለዚህ ነው። ከነጥቦቻቸው የምቀበለው አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን ተሳፋሪ ላይ ጉዳት ሊያመጡ ይችላሉ። በቅደም ተከተላቸው ልመልስ።

«ጣና ጨው የለውም፤ እንጨቱ አይጎዳም»

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እንጨትን የሚያበሰብሰው ውኃው ራሱ አይደለም። ፈንገስ ነው። ፈንገስ ደግሞ እርጥበት፣ አየርና ሙቀት ይፈልጋል። ጨው አይስማማውም። ሥጋ በጨው ታሽቶ ቋንጣ ሲሆን የሚቆየው ለምን ሆነና? በድሮ ዘመን የባሕር መርከብ ሠሪዎች እኮ በመርከቡ የእንጨት ጎድኖች መካከል ሆን ብለው ጨው ይጠቀጥቁ ነበር፤ እንዳይበሰብስ። የባሕር ውኃ ብረት ይበላል እንጂ እንጨትን ከመበስበስ ይጠብቃል። የእንጨት ጀልባ ዋና ጠላት የዝናብ ውኃና እንደ ጣና ያለ ጨው አልባ ውኃ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሙሉ ለሙሉ ውኃ ውስጥ የጠለቀ እንጨት አየር ስለማያገኝ ብዙ ጊዜ ይቆያል። ሁልጊዜ ደረቅ የሆነም ይቆያል። ቶሎ የሚሄደው አንዴ እየራሰ አንዴ እየደረቀ የሚኖረው ነው። የአጥር ቋሚ የሚበሰብሰው የት ጋ ነው? ከላይ አይደለም፤ መሬት ውስጥ ከገባው ጫፍም አይደለም። አፈሩ አፍ ላይ ነው። የጀልባ ጠርዝ ዕድሜውን ሙሉ እንደዚያ የአፈር አፍ ሆኖ ነው የሚኖረው። ጠዋት ማዕበል ይረጨዋል፣ ቀትር ላይ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ማታ ጤዛ ይወርድበታል።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ባለፈው ሐምሌ ወደ ዘጌ የሚመላለስ አንድ የብረት ጀልባ መጣልኝ። ባለቤቱ የፈለገው ቀላል ነገር ነበር። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ ቫርኒሽ እንድቀባለት። እንጨቱ ላይ ላዩን ሲታይ ያበራል። ፊትህን ያሳይሃል ማለት ይቻላል። አንድ የብሎን ራስ አጠገብ ግን ጠቆር ያለች፣ እንደ ሳንቲም የከበበች ቦታ አየሁ። የኪስ ቢላዋዬን ጫፍ እዚያ ላይ አስደገፍኩት። ሳልገፋው ግማሹ ገባ። ብሎኑን በመፍቻ ልፈታው ስል በጣቴ ተመዝዞ መጣ። አራት አምስቱን እንዲሁ በእጄ ነቀልኩ። ሳንቃው ሲነሳ ከስሩ እንደ ራሰ የዳቦ ፍርፋሪ ሆኖ ቀረ። የጉድጓድ እህል የመሰለ ሽታ መጣ። ከእሱ ስር ያለው የጀልባው ብረት ደግሞ ዝገቱ በንብርብር ተነስቷል፤ እንደ ሽንኩርት ቅርፊት በጣት ይላጣል።

ይህን ጠርዝ ነው እንግዲህ ተሳፋሪው ሁሉ ሲወጣም ሲወርድም የሚደገፈው። አሮጊት እናቶች ለበዓል ሲሻገሩ ሙሉ ክብደታቸውን የሚጥሉት እሱ ላይ ነው።

ባለቤቱ ሳንቃውን አገላብጦ አየና «ባለፈው ዓመትም እኮ አስቀብቼዋለሁ» አለኝ። እውነቱን ነው። ወደ ሁለተኛው ነጥብ የሚወስደንም ይኸው ነው።

«በዓመት አንዴ ቫርኒሽ ይበቃል»

ቫርኒሽ የእንጨቱን ፊት ነው የሚሸፍነው። ውኃ ግን በፊት በኩል አይደለም በብዛት የሚገባው። በብሎኑ ቀዳዳና በሳንቃው ጫፍ፣ መጋዝ በቆረጠው በኩል ነው። የእንጨት ጫፍ የተሰበሰበ የሸምበቆ እስር ማለት ነው፤ ውኃን ይመጥጣል። አንዴ ከገባ በኋላ ያ የሚያበራ ቫርኒሽ ሌላ ጉዳት ያመጣል። እርጥበቱ ተኖ እንዳይወጣ ያፍነዋል። ያ ጀልባ ላይ የሆነው ይህ ነው። ባለቤቱ ባስቀባ ቁጥር እርጥበቱን ከውስጥ ይቆልፍበት ነበር።

ፀሐዩም አለ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ወደ ላይ 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሐይቁ ደግሞ መልሶ ያንጸባርቀዋል። ይህ ጨረር በቫርኒሹ ውስጥ አልፎ የእንጨቱን ክሮች አጣብቆ የያዘውን ነገር ይፈታዋል። ከዚያ ቫርኒሹ የሚይዘው ያጣል። እንደ ቆዳ እየተላጠ ይነሳል። ይህን የሚቋቋም ለውጭ የተሠራ ቫርኒሽ አለ። እሱም ቢሆን ስድስትና ከዚያ በላይ ስስ ቅብ፣ በየመካከሉ ማሸት፣ በየመካከሉም ማድረቅ ይፈልጋል። ብዙዎቻችን ከሱቅ ገዝተን የምንቀባው ለቁምሳጥንና ለበር የተሠራውን ነው። ጸሐፊው «አንዴ ቀባ ማድረግ» ያሉትን ሥራ በአግባቡ ልሥራው ካልኩ ጀልባው ከሳምንት በላይ ይቆምብኛል።

ታዲያ ያ ሳምንት ከየት ይመጣል? ጽሑፉ ውስጥ ያልተነሳው ትልቁ ጉዳይ ይህ ነው። ከመስቀል በኋላ እንግዳ መምጣት ይጀምራል። ገና አለ፣ ጥምቀት አለ፣ እስከ ፋሲካ ጀልባ አይቆምም። ባለቤቱ ጀልባውን ሊያቆም የሚችለው ሐምሌና ነሐሴ ነው። በነዚያ ወራት ደግሞ ሰማዩ ቀዳዳ ነው። ባሕር ዳር በዓመት የሚጥልባት ዝናብ 1,400 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ አብዛኛውም በክረምት የሚወርድ ነው። በዚያ እርጥበት ቫርኒሽ አይደርቅም። እንጨቱም ውስጡ ርሶ ነው የሚቀባው። መቀባት ሲቻል ጀልባው ሥራ ላይ ነው። ጀልባው ሲቆም መቀባት አይቻልም። ስንቱ ባለጀልባ ሰነፍ ስለሆነ ሳይሆን በዚህ ምክንያት ብቻ «ለዘንድሮ ይለፈኝ» እያለ ሦስት አራት ዓመት ያሳልፋል። ሰውን በማይችለው ነገር ልንወቅሰው አይገባም።

«እንጨት እዚሁ በርካሽ ይገኛል»

የትኛው እንጨት? ጸሐፊው አልነገሩንም። ለጀልባ ጠርዝ እኔ የምመኘው ጽድና ዋንዛ ነው። የጽድ ውስጠኛው ቀይ እንጨት ምስጥም መበስበስም ይቋቋማል። ዋንዛ ቀላል ነው፣ ለመላጊያ ይታዘዛል፣ ብዙም አይጣመምም። ግን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ጽድን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ኮሶን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር። እሰየው የሚያሰኝ ሕግ ነበር። ትልልቅ ጽድና ዝግባ ዛሬ በጎጃም በብዛት የምናየው በቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ነው። ለጀልባ ጌጥ ብዬ እሱን የምመኝ ሰው አይደለሁም። ዝግባም ቢሆን ሲላግ ውብ ነው እንጂ እርጥበት ላይ ቶሎ ይሸነፋል።

ስለዚህ በተግባር እጃችን ላይ ያለው ባሕር ዛፍ ነው። እርጥቡን ተሰንጥቆ፣ ሳይደርቅ የተሸጠ። ጠርዝ ላይ በታሰረ በወሩ ይጠመዘዛል። ብሎኑን ይዞ ይሰነጠቃል። ስንጥሩ የልጆች መዳፍ ውስጥ ይገባል። ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። የፕላስቲክ ሰሌዳ ዋጋው ከዚህ በብዙ ይበልጣል፤ አልክድም። ከውጭ የሚመጣ ነገር ነውና ሁልጊዜም አይገኝም። ግን ባሕር ዛፉን በየሁለት ዓመቱ መቀየር፣ ስሩ ያለውን የዛገ ብረት መቁረጥና መበየድ፣ ጀልባው የቆመበት ቀን ሲደመር «ርካሽ» የሚለው ቃል አይቆምም።

«ፕላስቲክ ይግላል፣ ይጣመማል»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

መጀመሪያ የትኛውን ፕላስቲክ እንደማወራ ይታወቅ። ኤችዲፒኢ የሚባለውን ነው። እንግዳ ነገር አይደለም። ውኃ የምንቀዳበት ጀሪካን ከዚያው ዘር ነው። ውኃ አይጠጣም፣ አይበሰብስም፣ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ቀለም አይፈልግም። ችግሩንም ከጀሪካኑ መማር እንችላለን። ፀሐይ ላይ የከረመ ጀሪካን በጣት ሲጫኑት ይሰነጠቅ የለ? ተራው ኤችዲፒኢ ለፀሐይ አይመችም። ጨረር የሚከላከል ነገር የተቀላቀለበትን ሰሌዳ ለይቶ መግዛት ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚጠነክረው ጥቁሩ ነው፤ በውስጡ ያለው የካርቦን ጥላሸት ጨረሩን ይመክትለታል። ጥቁር ደግሞ ይግላል። ጸሐፊው ያሉት መፋጀት እውነት የሚሆነው እዚህ ነው። መፍትሔው ቦታ መለየት ነው። ከወደቡ ድንጋይ ጋር የሚፋተገው የጎን ጠርዝ ላይ ማንም አይቀመጥም፣ ጥቁር ይሁን። እጅና እግር የሚያርፍበት ላይ ነጭ ወይም ግራጫ ይሁን።

መጣመሙን በተመለከተ ከራሴ ስህተት ልናገር። ለመጀመሪያ ጊዜ የ3 ሜትር ሰሌዳ ያሰርኩት ልክ እንደ እንጨት ነበር። ማለዳ፣ በብርድ፣ ቀዳዳውን በብሎኑ ልክ በስቼ፣ ጥብቅ አድርጌ። ቀትር ላይ ተመልሼ ስመጣ ሰሌዳው በየብሎኑ መካከል ተነፍቷል። እንደ እባብ ይሄዳል። ጥፋቱ የፕላስቲኩ አልነበረም፤ የእኔ ነበር። ኤችዲፒኢ ሲሞቅ በጣም ይረዝማል። ከማለዳው ብርድ እስከ ቀትር ፀሐይ የ30 ዲግሪ ልዩነት ቢኖር፣ 3 ሜትሩ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ይጨምራል። እንጨት በርዝመቱ በዚያው ሙቀት ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ብሎኑ ቀፍድዶ ከያዘው የት ይሂድ? ወደ ውጭ ይነፋል።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ከመካከለኛው በስተቀር ቀዳዳዎቹን ሁሉ ወደ ጎን ሞላላ አድርጌ እበሳለሁ። ሰፊ ሮንዴላ አስገባለሁ። ብሎኑን አጥብቄ እንደገና ትንሽ መለስ አደርገዋለሁ፤ ሰሌዳው ከስሩ መንሸራተት እንዲችል። ሁለት ሰሌዳ በሚገናኝበት ላይ ክፍተት እተዋለሁ። ማጣበቂያ አልሞክርም፤ በዚህ ፕላስቲክ ላይ ሙጫም ቀለምም አይይዝም። ያን የተበላሸውን ሰሌዳ አውልቄ ቀዳዳውን ካሰፋሁ በኋላ መልሼ አሰርኩት። ቀጥ ብሎ አለ።

ለሁሉም ቦታ ይሆናል አልልም። ኤችዲፒኢ ከጥሩ እንጨት ጋር ሲነጻጸር በጣም ልፍስፍስ ነው። ረጅም መቀመጫ ብትሠሩበት ሰው ሲቀመጥበት ይጎብጣል። ስለዚህ መቀመጫውን አትንኩት። ከጣሪያ ስር ነው፣ ዝናብ አያገኘውም፣ እንጨት ሆኖ ይኑር፤ ለመቀመጫም ይመቻል። ለእጅ መያዣ የስቴንለስ ቱቦ ይሻላል። እዚህ ላይ የጣና ጨው አልባነት በእርግጥ ይጠቅመናል። ባሕር ላይ 316 የሚባለው ውድ ስቴንለስ ግድ ይላል፤ ለእኛ 304 ይበቃናል። ለበረንዳ ወለል የሚሸጠውን የእንጨት ዱቄትና ፕላስቲክ ድብልቅ ሰሌዳ ግን ለጀልባ አትግዙ። ከባድ ነው፣ ውስጡ ያለው የእንጨት ዱቄትም ውኃ ይጠጣል።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ መቀየር ለማይችል ሰው፣ ከጎን ጠርዙ ይጀምር እላለሁ። የጣና ውኃ ከክረምት ማግሥት እስከ ግንቦት ከ1 ሜትር በላይ ይወርዳል። በመስከረም ከወደቡ ጫፍ ጋር እኩል የነበረው ጠርዝ ሰኔ ሲገባ ከታች ካለው ሻካራ ድንጋይ ጋር ይፋተጋል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይደበደባል። እንጨት እዚያ ላይ አይበረክትም፤ ቫርኒሹማ በመጀመሪያው ቀን ነው የሚነሳው።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ወገን ልዙር። ፕላስቲክ የሚሸጡ አንዳንድ ሰዎች «ጥገና የሚባል ነገር የለውም» ይላሉ። ውሸት ነው። ሰሌዳው አይበሰብስም፤ ከስሩ ያለው ብረት ግን በብሎኑ ቀዳዳ ውኃ ከገባ ይዝጋል። እንዲያውም ፕላስቲኩ ስለማይጠቁርና ስለማይሸት ዝገቱን ይደብቅባችኋል። እንጨቱ ቢያንስ እየበሰበሰ ይናገር ነበር። ስለዚህ የድሮው ጠርዝ ሲነሳ ብረቱ እስኪነጣ ይፋቅ፣ ፀረ ዝገት ይቀባ፣ እያንዳንዱ ቀዳዳ በማሸጊያ ይሞላ። ከዚያ በኋላም በየዓመቱ ሁለት ሦስት ብሎን ፈትቶ ማየት ነው። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ዝናብ እየጣለም ይሠራል።

«አናጺው ሥራ ይፈታል»

አይፈታም። ኤችዲፒኢ የሚቆረጠው በእንጨት መጋዝ ነው። የሚላገው በእንጨት መላጊያ ነው። ድሪሉም ያው ነው። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ሞላላ ቀዳዳ አበሳስን በአንድ ከሰዓት ነው የያዘው። ሥራ የሚቀንስባቸው ማሸትና መቀባት ላይ በቀን ክፍያ የሚሠሩት ልጆች ናቸው። እሱ እውነት ነው፤ ለዚያ ጥሩ መልስ የለኝም። እኔ ሁለቱን ወደ ብረት መፋቁ ሥራ አዙሬያቸዋለሁ። ሁሉም ቦታ እንዲህ ይሆናል ብዬ ግን አልዋሽም።

«እንጨት ባህላችን ነው፤ ፕላስቲክ ሐይቁን ያቆሽሻል»

የጣና ባህል ታንኳ ነው። ደንገል ታጭዶ፣ ደርቆ፣ ታስሮ የሚሠራ። ነገደ ወይጦ አባቶች ይህን ጥበብ ከማንም በላይ ያውቁታል። ታንኳ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል። ከሐይቁ አውጥተው ቀጥ አድርገው አቁመው ያደርቁታል። ሲያረጅ በአዲስ ይተኩታል። ደንገሉ ለዘላለም ይኑር ብለው አይሟገቱም፤ ዕድሜውን ያውቁለታል። የእኛ ሞተር ጀልባ ግን ገላው ብረት ወይም ፋይበርግላስ ነው፣ ሞተሩ ከውጭ የመጣ ነው። ጠርዙ ላይ የታሰረችው ባሕር ዛፍ በየትኛው በኩል ባህል እንደሆነች አልገባኝም። የጀልባው ነጂ እጁን የሚያሳርፍባት የዋንዛ ቁራጭ ካለች ግን አትነቀል። እሷን እኔም በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ በዘይት አብሳታለሁ።

ስለ ሐይቁ ጸሐፊው ያሉትን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። እንዲያውም ከዚህ በላይ አጥብቀው ቢጽፉት ደስ ባለኝ። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ተብሎ የተመዘገበ ሐይቅ ነው። የፕላስቲክ ፍቅፋቂ ነጭና ቀላል ነው። ነፋስ ይዞት ውኃው ላይ ይበትነዋል፣ አይበሰብስም፣ ዓሣ ምግብ ይመስለዋል። ስለዚህ ፕላስቲክ ውኃ ላይ ባለ ጀልባ ውስጥ ፈጽሞ አይቆረጥም። የብስ ላይ፣ ከነፋስ በተከለለ ቦታ፣ ሸራ ተነጥፎ ነው የሚቆረጠው። ሲያልቅ ሸራው በአራት ማዕዘኑ ተሰብስቦ ጆንያ ውስጥ ይገባል። ይህን የማያደርግ ጠጋኝ ጀልባችሁን አይንካ። የቫርኒሹን ነገርም አብረን እናንሳው። በየዓመቱ ከጠርዙ ላይ ታሽቶ የሚረግፈው አቧራ፣ የሚላጠው ቅርፊት፣ ብሩሽ የታጠበበት አኳራጅ የት ነበር የሚሄደው? እዚያው ውኃ ውስጥ ነው።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ባሕር ዳር ካሉ ግን አንድ ጠዋት ወደ ወደቡ ብቅ ይበሉ። ከጀልባዎቹ ጥሩ የሚያበራውን ጠርዝ እሳቸው ይምረጡ። ባለቤቱን አብረን እናስፈቅዳለን። ከዚያ አንድ ብሎን እንፈታለን፤ መፍቻውን እኔ አመጣለሁ።